ከበርጩማ መሬት ተደግፌ ተነሳሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 50 ዓመት ሊሞላኝ አራት ወር ቀርቶኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የወር አበባዬ ከዓመት በፊት መዛባት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ አራት ወር ጠፍቶ ከርሞ ባለፈው ሳምንት መጣ። ሌሊት እሳት እንደለቀቁብኝ እየነቃሁ ብርድ ልብሱን እገፋለሁ፣ ባሌ መልሶ ይጎትታል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ቡና ጠርታን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በረካው ተጠጥቶ ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። አላመመኝም፣ አልደነዘዘኝም። በቃ፣ አልነሳም አለ። በአንድ እጄ መሬት ተደግፌ በሌላው የጎረቤቴን ጉልበት ይዤ ተነሳሁ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ትልቋ ልጄ ሥራ ከያዘች ገና ዓመቷ ነው። ይህን ስትሰማ ከደሞዟ የሦስት ወር ጂም ከፈለችልኝ። አንድ ቀን ሄድኩ። ልጄን የሚያክል አሰልጣኝ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማዘር፣ እርስዎ እዚህ ላይ ይራመዱ» ብሎ ትሬድሚል ላይ አቆመኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መስታወት ውስጥ ሆዴን እያየሁ ተራመድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። ልጄ ግን አታውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ፣ ፊቴን ውሃ ነካ አድርጌ እመለሳለሁ። «እማ፣ ለውጥ አለሽ እኮ» ትለኛለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኛል።

ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜሽ ብረት ልታነሺ?» እያለ ይቀልዳል። እህቱ ደግሞ ከባድ ነገር ማንሳት ማህፀን ያወርዳል ብላኛለች። እኔ በየቀኑ ከታክሲ ወርጄ እራመዳለሁ፣ አራት ፎቅ እወጣለሁ፣ ይህ አይበቃም? እናቴም በ71 ዓመቷ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም፣ እሷም ስፖርት ሠርታ አታውቅም። ልጄን ምን ልበላት? ጂሙንስ ልተወው?

ከበርጩማ የተጣላችው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

የኔ እህት፣ እኩያ ነንና አንቺ ልበልሽ። ማኪያቶው ጋ ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ። ፊቷን ውሃ ነክታ ላብ ያስመሰለች ሴት የመጀመሪያዋ አንቺ አይደለሽም።

ደብዳቤሽን ግን ደግሜ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ብርድ ልብሱ በደንብ ጻፍሽልኝ። እናትሽን በአንድ መስመር አለፍሻት፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገድሽን። ያን ቀን ቤት ገብተሽ ያለቀስሽው ስለ ሳቁብሽ ነው? ወይስ እጅሽ መሬቱን ሲነካ እሷ ትዝ አለችሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ሁለተኛው ከሆነ ግን የጂሙ ጉዳይ የሆድ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው፣ እኔም የምመልስልሽ እንደዚያ አድርጌ ነው።

እግርሽ እምቢ ያለሽ ሰንፈሽ አይደለም። ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ካልተሠራበት ቀስ እያለ ይሳሳል፣ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሄዳል ይባላል። ማንም አያስተውለውም፣ ምክንያቱም የሄደውን ቦታ ስብ ስለሚሞላው ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው። ከዚያ ማረጥ ሲቃረብ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይዋዥቅና እየወረደ ይሄዳል። እኛ ይህን ሆርሞን የማህፀን ጉዳይ ብቻ አድርገን ነው የምናውቀው፣ እሱ ግን አጥንትንም ጡንቻንም ሲጠብቅ የኖረ ነው። ዘበኛው ሥራ ሲለቅ አጥንት በተለይ በመጨረሻው የወር አበባ ዙሪያ ባሉት ዓመታት በፍጥነት ይሳሳል። ስቡም ከዳሌ ወደ ሆድ ይዛወራል። መስታወቱ ውስጥ ያየሽው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ አንቺ ገና አላረጥሽም። አረጠች የሚባለው የወር አበባ 12 ወር በተከታታይ ሲቀር ነው፣ ያንቺ ባለፈው ሳምንት መጥቷል፣ ስለዚህ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ማለት ደግሞ እርግዝናም ጨርሶ አልቀረም ማለት ነው። ብርድ ልብሱን ለሚጎትተው ሰውዬ ንገሪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እርምጃው አይበቃም? ለልብሽ፣ ለደም ግፊትሽ፣ ለስሜትሽ ጥሩ ነው፣ እንዳትተዪው። ለጡንቻና ለአጥንት ግን ብቻውን አይበቃም። እግርሽ ያንቺን ክብደት ተሸክሞ መሄድን 49 ዓመት ለምዶታል፣ የለመደውን ነገር ደግመሽ ብትሰጪው የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። ጡንቻ የሚጨምረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው። ደረጃው ይሻላል። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፣ አራቱን ፎቅ የምትወጪው የደረጃውን ብረት ይዘሽ ነው? እየጎተትሽ ከሆነ ግማሹን ሥራ ክንድሽ ነው የሚሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ላይ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 ደቂቃ እንቅስቃሴ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይሥራ የሚለው ለዚህ ነው። «በተጨማሪ» የምትለዋን ቃል ያዢልኝ።

«በዚህ ዕድሜሽ» ለሚለው ባለቤትሽ የምትነግሪው ታሪክ አለኝ። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ቦስተን ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 10 ሰዎች ላይ የተሠራ። አማካይ ዕድሜያቸው 90። አንቺን አላልኩም፣ ዘጠና! ለስምንት ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሯቸው፣ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አንቺን ይበልጥ የሚመለከትሽ ግን አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ነው፣ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ያረጡና አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ፣ እውነተኛ ከባድ ብረት አነሱ። ከመሬት፣ በትከሻ፣ ከጭንቅላት በላይ። ሌሎቹ ቤታቸው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ሠሩ። ከስምንት ወር በኋላ የከባዶቹ የጀርባ አጥንት ጥግግት ወደ 3 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፣ የቀላሎቹ ደግሞ በትንሹም ቢሆን ቀነሰ። ትሬድሚል ላይ ያቆመሽ ልጅ ክፋት አስቦ አይመስለኝም። «ማዘር» ናት ብሎ አዘነልሽ። ለአጥንትሽ ግን አላዘነለትም።

ስለ ማህፀን የነገረችሽን ሴት አትቆጫት። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በአገራችን ስንት ሴት ከወለደች በሳምንቷ ውሃ ተሸክማ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ከዚያ ማህፀኗ ወጥቶ አፍራ ቤቷ ተቀምጣለች። ያ ግን ማረፊያ የሌለው ሸክም ነው። ከትንሽ ተነስቶ በሳምንታት የሚጨምር፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ፣ ከዚያ የሚታረፍበት ነገር ሌላ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከታች የሚጎትት ወይም የሚከብድ ስሜት ካለሽ፣ ወይም ስታስነጥሺና ስታነሺ ሽንት ካመለጠሽ፣ መጀመሪያ ለሐኪም ተናገሪ። የሚታከም ነገር ነው፣ ዝም የሚባልበት አይደለም። ስታነሺ ደግሞ ትንፋሽሽን አትያዢ፣ ሸክሙ ሲነሳ አውጪው። ወንድ እመስላለሁ ብለሽ ከሆነ ያን እርሺው። የወንዶቹ ሆርሞን በእኛ ደም ውስጥ ከእነሱ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው፣ እነዚያ ጂም ውስጥ ያየሻቸው ጎረምሶች እንኳ ያንን ክንድ ለማውጣት ስንት ዓመት ነው የሚለፉት።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከጠላትሽ። ከበርጩማው።

መጀመሪያ ግን ከፍ ካለ ወንበር። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ግድግዳ አስደግፊውና ተቀመጪ። እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ። ልጅሽ ስልኳ ላይ 30 ሰከንድ ትያዝልሽ፣ አንቺ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመሽ እንደምትቀመጪ ቁጠሪ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች ከመጣ ዝቅተኛ ነው ይባላል፣ አንቺ ከእነሱ በ10 ዓመት ታንሻለሽ። ስንትም ቢሆን አትደንግጪ። ቁጥሩን ካላንደሩ ላይ ጻፊው፣ መነሻሽ እሱ ነው።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መሐላቸው እረፍት እያለ፣ ያንኑ መቀመጥ መነሳት አሥር ጊዜ፣ አረፍ ብለሽ ደግሞ አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀልልሽ ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ደረትሽ ላይ እቀፊ። እሱም ሲቀልል የትንሿን ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ አምስት ኪሎ ምስር ከተሽበት አንግቺው። ወንበሩን ደግሞ ዝቅ እያደረግሽ፣ አንድ ቀን በርጩማው ጋ ትደርሻለሽ።

ሁለተኛው ጀሪካን ነው። ይህቺን ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የፈጠራት ሰው ለእኛ ጂም እየሠራልን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ክብደቱን በጆግ እየለካሽ ትጨምሪያለሽ። አምስት ሊትር አድርጊና በእግሮችሽ መሐል አስቀምጫት። ወገብሽን አታጉብጪ። እጅሽ በዕቃ ተሞልቶ በሩን በመቀመጫሽ ስትገፊው እንዴት ነው የምትሆኚው? እንደዚያ ዳሌሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ፣ ጉልበትሽን ትንሽ አጥፈሽ፣ ያዣትና በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ቁሚ። ስምንት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። በየሳምንቱ አንድ ጆግ ጨምሪ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ማንሻዎች ፊትሽን ካላጨማደዱት ቀሏል ማለት ነው፣ ጨምሪ። ብዙ ሴት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ያቺኑ ሃይላንድ ዓመቱን ሙሉ ያነሳታል።

ለክንድና ለደረት የወጥ ቤቱን የሲሚንቶ ጠረጴዛ ይዘሽ ፑሻፕ ሥሪ። ለጀርባ ያንኑ ቦርሳ ጎንበስ ብለሽ ወደ ጎድንሽ ጎትቺው። በቃ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻሽ ሲያድግ አታዪም፣ ጉልበት ግን ቶሎ ይመጣል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚማረው ነርቭሽ ነው። በማግስቱ ጭንሽ ቢያምሽ የሚጠበቅ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቅሻል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን አቁሚና ታዪ።

ምግቡን ሳላነሳ ባልፍ ሽሮሽ ትቀየመኛለች። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። በእኛ ዕድሜ በኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልጋል ይላሉ፣ 65 ኪሎ ከሆንሽ ከ65 እስከ 78 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ። አሁን ሁዳዴን አስቢው፣ 55 ቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ በቀጠነች ሽሮ አንድ እንጀራ በልተሽ ብትተኚ ያን ግማሹን እንኳ አታገኚም። ጹሚ፣ እኔም እጾማለሁ። ግን ሽሮዋ ትወፍር፣ ከጎኗ ምስር ወይም የባቄላ ፉል ይኑር፣ ማታ አንድ እፍኝ ለውዝ ቆርጥሚ። የምትሠሪውን ደግሞ ከምግብ በፊት ባለችው ሰዓት አድርጊው፣ ወዲያው እንድትበዪ። ስግደቱንም አትናቂው፣ መሬት ወርዶ መነሳት ማለት ሌላ ምንድነው? የኩላሊት ሕመም ካለብሽ ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪምሽ ይወስንልሽ።

ሐኪም ካልኩ አይቀር አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቂና ሂጂ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ታይሮይድ ታዪ። ድካም ሁሉ የማረጥ አይደለም፣ አንዳንዱ የታይሮይድ ነው፣ አንዳንዱ የወር አበባ ሲበዛ ከሚመጣ የደም ማነስ ነው። የእናትሽን ስብራት ደግሞ በአፍሽ ተናገሪ። የወላጅ ዳሌ መሰበር ሐኪሞች የአጥንት አደጋን ሲያሰሉ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ ነው፣ ካልነገርሻቸው ከየት ያውቁታል? ሌሊት የሚለቅብሽ እሳትም መድኃኒት አለው። የሆርሞን ሕክምናው ለማን እንደሚሆን ለማን እንደማይሆን ከማህፀን ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጀሪካን አያነሳም። ደም ለ12 ወር ቀርቶ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ፣ በማግስቱ ሂጂ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ፈቃድ አትጠይቂው፣ ሥራ ስጪው። ወንበሩን ይያዝ፣ ይቁጠር። የሚቀልደው እናትሽን ስታስታምሚ የነበረውን ጊዜ ረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንቺ ፍርሃትሽን ነግረሽው አታውቂም። ነግረሽዋል?

ቀረችን ልጅሽ። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ጉዳዩ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ለውጥ አለሽ» ስትልሽ የምትዋሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እሷም ስለ ሰጋች ልትሰማው የምትፈልገውን እያየች ነው። አታካብጂው። እራት ላይ «ልጄ፣ እስካሁን ስፖርት ሳይሆን ማኪያቶ ስጠጣልሽ ነበር» በያት። ትስቅ ይሆናል፣ ትቀየም ይሆናል፣ ምናልባት ሁለቱንም። ከዚያ ስለ አያቷ ንገሪያት። ቀጥሎም «አንድ ቀን አብረሽኝ ሂጂ» በያት፣ ለብቻ ከመግባት ይቀላል።

ጂሙን አትተዪው፣ ተከፍሎበታል። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት በስልክ ጠይቂ፣ ሴት አሰልጣኝ ካለችም ጠይቂ። ያው ልጅ ቢመጣ ደግሞ ከእሱ በፊት አንቺ ተናገሪ፦ «ትሬድሚል አልፈልግም። ከመሬት ብረት ማንሳት በትክክል አስተምረኝ፣ ከቀላሉ ጀምረህ በየሳምንቱ ጨምርልኝ።» እምቢ ካለ ሌላ አሰልጣኝ ይቀየርልሽ። መስታወቱን ጀርባ ሰጥተሽ መቆም እንደሚቻል ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ነገርኩሽ። ፈጽሞ ካልሆነልሽም ጀሪካኗ ቤት አለች።

የ30 ሰከንዱን ቁጥር ላኪልኝ፣ ከሁለት ወር በኋላም ደግመሽ ላኪልኝ። ማኪያቶሽን ግን እንዳትተዪ። ከጂም በኋላ ይሁን፣ ወተቱንም በዛ አድርጉልኝ በያቸው።